አዲስ ፒስተን ከመግዛት በፊት፦ ወደ ሞተር መጋዝ ሾልኮ የሚገባውን አየር ፈልጎ ማግኘት

ጥያቄ

ይድረስ ለቴክኒክ ጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በሱሉልታ አካባቢ ከገበሬዎች በቁሙ የተገዛ ባሕር ዛፍ እየቆረጥን፣ ቀጥ ያለውን ለግንባታ አጣና፣ ቀሪውን ለማገዶ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ለሚጭኑ ነጋዴዎች እናስረክባለን። የምንሠራበት የሞተር መጋዝ (ቼይንሶ) ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ሲሆን፣ ባለፈው ጥቅምት ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቆመ። ጋራዥ ወስደነው አዲስ ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ ተገጠመለት፤ ካርቡሬተሩም ተፈትቶ ታጠበ። ስድስት ሳምንት ብቻ ከሠራ በኋላ ግን እንደገና ነከሰ።

ከመቆሙ በፊት በነበሩት ቀናት ጋዙን ስንለቅለት ፍጥነቱ ቶሎ ወደ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይነካ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አይወርድም ነበር። ሚኒሞውን ዛሬ ብናስተካክለው በማግስቱ ይዛባል፤ በጎኑ ስናጋድመውም ድምፁ ይለወጣል። የጠገነልን ባለሙያ ቤንዚኑ ላይ የምትጨምሩት ዘይት አንሷል ብሎናል፤ እኛ ግን ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ለክተን ነው የምንጨምረው። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ሞተሩ አየር እየሳበ ነው ይላል። አየር የሚገባበትን ቦታ እንዴት ልናገኘው እንችላለን? ልዩ መሣሪያስ የግድ ያስፈልጋል? ለሦስተኛ ጊዜ ሲሊንደር የምንገዛበት አቅም የለንም።

ሁለት ወንድማማቾች፣ ከሱሉልታ

መልስ

የተከበራችሁ ወንድሞች፣ ምልክቶቹን አስተውላችሁ በዝርዝር በመጻፋችሁ ግማሹን ሥራ አቃልላችሁልናል። ጋዙ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ቶሎ አለመውረዱ፣ ሚኒሞው በየቀኑ መዛባቱና በተለይም መጋዙ ሲያጋድል ድምፁ መለወጡ ሦስቱም ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ። እኔም እንደ ጓደኛችሁ ሞተሩ ካርቡሬተሩ ያልለካውን አየር ከሌላ ቦታ ይስባል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ግን እስካሁን ግምት ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥሎ በምገልጸው ፈተና ሳይረጋገጥ አንድም ዕቃ እንዳትገዙ አደራ እላችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዘይቱ የተነገራችሁን እንመልከት። ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ለሃምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ በእርግጥ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራና ጥራቱን የጠበቀ እስከሆነ ድረስ ይህ መጠን ለአብዛኞቹ የዛሬ ሞተር መጋዞች የሚታዘዘው ነው። የወጣውን ፒስተን ካልጣላችሁት አሁን አውጥታችሁ በቀን ብርሃን ተመልከቱት፤ ከማንኛችንም ቃል ይልቅ የሚታመን ምስክር እርሱ ነው። ጭረቱ የበዛው በማርሚታው በኩል ባለው ገጽ ላይ ከሆነ መንስኤው ከመጠን ያለፈ ሙቀትና የቀጠነ (ለአየሩ ቤንዚን ያነሰው) ድብልቅ መሆኑን ያሳያል። በዙሪያው ሁሉ ከተጫረ ዘይት የሌለው ቤንዚን ተቀድቶበት እንደነበር መጠርጠር ይገባል። በካርቡሬተሩ በኩል ያለው ገጽ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት እንደተፋቀ ደብዝዞ ከተገኘ ደግሞ በአየር ፊልትሮው በኩል አቧራ አልፏል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በእናንተ ሥራ የተለመደ ጉዳት ነው፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ሲባል ዝቅ ተደርጎ፣ ከመሬት አጠገብ ስለሚቆረጥ መጋዙ በበጋ ወራት አፈር እየሳበ ነው የሚሠራው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ የለውም። ከፒስተኑ በታች ያለው የክራንክ ቤት ራሱ እንደ ፓምፕ ያገለግላል፦ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በክፍሉ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠርና በካርቡሬተሩ በኩል አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ደግሞ የሳበውን ጨምቆ በጎን መተላለፊያዎች ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በደቂቃ 12,000 ዙር በሚሽከረከር ሞተር ይህ መሳብና መግፋት በእያንዳንዱ ሰከንድ 200 ጊዜ ይደጋገማል። የክራንክ ቤቱ የሆነ ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ቢኖርበት፣ በመሳቡ ጊዜ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያልጨመረበት አየር በዚያ ይገባና ድብልቁን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ድብልቅ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያፈጥነዋል፣ ያግለዋል። ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚገባው በቤንዚኑ ተሸካሚነት ስለሆነ ቤንዚኑ ሲያንስ ማለስለሻውም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ባለሙያው ዘይት አንሷል ማለቱ በሲሊንደሩ ውስጥ የሆነውን ሊገልጽ ይችላል፤ የተሳሳተው ጥፋቱን ጀሪካናችሁ ላይ በመፈለጉ ይመስለኛል።

ይህን ችግር በካርቡሬተር ብሎኖች ለማስተካከል መሞከር በየመጠገኛው የማየው ልማድ ሲሆን፣ አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው፦ ጋዝ ሲሰጥና ሲለቀቅ የክፍተቱ ስፋት አይለወጥም፣ የካርቡሬተሩ መክፈቻ ግን ይለወጣል። ሚኒሞ ላይ ካርቡሬተሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ከጎን የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ድርሻው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሞተሩ ከሁሉ የበለጠ የሚግለው ያን ጊዜ በመሆኑ ትንሹም ይበቃዋል። በአንዱ ልክ ያስተካከላችሁት በሌላው ይበላሻል። በዚያ ላይ ጎማና ብረት ሲሞቁ ክፍተቱም አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ብሎኑን አዙራችሁ ድምፁ ለጊዜው ቢታረም ችግሩ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም።

ሆኖም ሞተርን የሚያስርበው የአየር ሽንቁር ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹን ለማግለል አንድ ሰዓት አይፈጅም። የቤንዚን ታንከሩ መተንፈሻ ከተደፈነ በታንከሩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠርና ቤንዚኑ መምጣቱን ያቆማል፤ ሞተሩ መዳከም ሲጀምር ክዳኑን ጥቂት አላልታችሁ ወዲያው ካገገመ መንስኤው ይኸው ነው። በታንከሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ፊልትሮ በሽቦ ስባችሁ አውጡና እዩት። የቤንዚኑን ቱቦም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጥጣችሁና አጥፋችሁ ተመልከቱት፤ ተዘርግቶ ሲታይ ደህና የሚመስል ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁን ያሳያል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ ዋናው ፍለጋ እንገባለን። በመጀመሪያ የምትመለከቱት ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘውን የጎማ አንገት ነው። በብዙ የሞተር መጋዞች ላይ ካርቡሬተሩ የሚቀመጠው ከእጀታውና ከታንከሩ ጋር ነው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ በንዝረት ጎማዎች ወይም ስፕሪንጎች ላይ በተንጠለጠለው የሞተር ክፍል ላይ ነው። ሁለቱ አካላት ለየብቻ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያ የጎማ አንገት በመካከላቸው ቀኑን ሙሉ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል። ከንዝረት ጎማዎቹ አንዱ ተበጥሶ ከሆነ እጀታውን በጫናችሁ ቁጥር አንገቱ ከልኩ በላይ ስለሚወጠር፣ አዲስ ብትገጥሙም ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል። አንዳንድ ሠሪዎች ከካርቡሬተሩ ወደ ክራንክ ቤቱ የሚሄድ ቀጭን የግፊት ቱቦም ያስገባሉ፤ ይህ ቱቦ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ስለሆነ፣ ቢሰነጠቅ በአንድ በኩል አየር ያስገባል፣ በሌላ በኩል ቤንዚኑን ያሳንሳል።

ሁለተኛው ቦታ በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ኦይል ሲሎች (ሻፍቱን ዙሪያውን አቅፈው የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ናቸው፤ አንዱ ከቮላኖው (ከከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ) በስተኋላ፣ ሌላው ከፍሪሲዮኑ በስተኋላ ተደብቀዋል። መጋዙ በጎኑ ሲያጋድል ድምፁ ይለወጣል ያላችሁት ጥርጣሬዬን ወደ እነዚህ ይስበዋል፤ መጋዙ ሲጋደም ክራንክ ሻፍቱ በጣም ጥቂት ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ያረጀው የሲል ከንፈር በአንድ በኩል ሲዘጋ በሌላው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት በሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን፣ የክራንክ ቤቱ ሁለት ግማሾች የሚጋጠሙበት መስመር፣ መጋዙ ካለው ደግሞ ለማስነሳት የሚጫነው የግፊት ማቅለያ ቫልቮ ነው። ሲሊንደሩ በቅርቡ የተቀየረ በመሆኑ የሥሩ ጓርኒሲዮን በአዲስ መተካቱንና ብሎኖቹ እኩል መጥበቃቸውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ሲሊንደሩና ፒስተኑ የተነከሱ ቢሆኑም ፈተናውን ለማድረግ አያግዱም፤ እንዲያውም አዲሱ ከመገዛቱ በፊት በአሮጌው መፈተን ይሻላል። መጋዙን ከቤንዚን ባዶ አድርጉና ከእሳት ርቃችሁ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አድርቁት። ማርሚታውን ፍቱ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ ላይ ልኩን ጎማ ቁረጡ፣ በሲሊንደሩና በማርሚታው መካከል አድርጋችሁ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ካርቡሬተሩን አውጡና የጎማ አንገቱን በካርቡሬተሩ በኩል ባለው አፉ ላይ፣ በሌላ የካላማዳሪ ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት ዝጉት። አንገቱን ነቅሎ ሲሊንደሩ ላይ መድፈን ስህተት ነው፤ ዋናውን ተጠርጣሪ ከፈተናው ውጭ ማድረግ ይሆናል። ካንዴላው በቦታው ይጥበቅ። አየሩን የምታስገቡት በግፊት ቱቦው ጫፍ በኩል ነው፤ ቱቦ የሌለው ዓይነት ከሆነ በዘጋችሁበት ብረት ላይ ትንሽ ቧንቧ አስበይዳችሁ በዚያ ታስገባላችሁ።

ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄያችሁ፣ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ግፊትና ቫኪዩም የሚለካ የእጅ ፓምፕ ቢገኝ መልካም ነው። ካልተገኘ ግን ለግፊቱ ፈተና ሰዓት ያለው የደም ግፊት መለኪያ በሚገባ ይበቃል። መለኪያው እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ ይህም 0.4 ባር ነው። የጥገና መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት 0.5 ባር ሆኖ ግፊቱ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ሳይወርድ እንዲቆይ ነው፤ እናንተ 250 ላይ አድርሳችሁ ብታቆሙትም ሽንቁሩን ለማየት አያንስም። የጎሚስታ ኮምፕረሰር በቀጥታ እንዳትሰኩበት አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፤ ከልክ ያለፈ ግፊት ደህናውን ሲል ከቤቱ ገፍቶ ያወጣዋል።

ግፊቱ ከወረደ በብሩሽ የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ቀቡና አረፋ የሚነሳበትን ፈልጉ። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ ካልተፈቱ ሲሎቹን ማየት ስለማይቻል፣ በእጅ የሚደረሰው ሁሉ ደህና ሆኖ ግፊቱ ከወረደ እነርሱን ከማውጣት ሌላ አማራጭ የለም። ፈተናውን ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ እያለ አድርጉና ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ላይ ሲሆን የጎማ አንገቱና የክራንክ ቤቱ ይፈተናሉ፣ ሲወርድ ደግሞ የጎን መተላለፊያዎቹ ስለሚከፈቱ የካንዴላው መቀመጫና የግፊት ማቅለያው ቫልቮም አብረው ይፈተናሉ። በየመካከሉ ክራንክ ሻፍቱን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ሲል አንዳንዴ የሚያሾልከው ሻፍቱ በአንድ አቅጣጫ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው።

ግፊቱ ሳይወርድ ከቆየ ሞተሩ ደህና ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ በመሆኑ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የኦይል ሲል ከንፈር ወደ ክራንክ ቤቱ ውስጥ ዞሮ የሚገጠም ነው፤ ከውስጥ ግፊት ሲመጣበት ከንፈሩ ሻፍቱ ላይ ይበልጥ ይጫናል፣ ያረጀም ቢሆን ይዘጋል። ቫኪዩም ሲሆን ግን ያው ከንፈር ከሻፍቱ ይላቀቅና አየር ያስገባል። ከዓመታት በፊት በቡራዩ መንገድ ዳር በነበረች አነስተኛ መጠገኛ ስሠራ፣ አንድ የማገዶ ነጋዴ መጋዝ ልክ እንደ እናንተው ተደጋግሞ ተመልሶ መጣብኝ። ሁለት ጊዜ በግፊት ፈትኜ ምንም ስላላገኘሁበት ካርቡሬተሩን ጠረጠርኩ፤ ሰውየውም በእኔ ቃል አዲስ ካርቡሬተር ገዛ። በሦስተኛው በቫኪዩም ስፈትነው መርፌው እያየሁት ወደ ዜሮ ተመለሰ። የፍሪሲዮኑ በኩል ሲል ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ነበር። ያ ሰው ያለ አግባብ ያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከዚያ ወዲህ በቫኪዩም ያልፈተንኩትን ሞተር ጤነኛ ነው ብዬ አስረክቤ አላውቅም።

ለቫኪዩሙ የደም ግፊት መለኪያው አያገለግልም። ከሕክምና ዕቃ መደብር የሚገኝ የ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅና ባለ ሦስት መንገድ ትንሽ ቧንቧ ካላችሁ፣ እየሳባችሁ፣ ቧንቧውን እያዞራችሁና አየሩን ወደ ውጭ እየገፋችሁ ጥቂት ጊዜ በመደጋገም የሚፈለገው ቫኪዩም ላይ መድረስ ይቻላል። ለመለኪያው የፍሪጅ ጠጋኞች የሚይዙትን ሰማያዊ ጌጅ ተዋሱ፤ እርሱ ከዜሮ በታችም ያነባል። 0.5 ባር ቫኪዩም በዚያ ጌጅ ላይ ወደ 15 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ነው። በ20 ሰከንድ ውስጥ ከ0.3 ባር በታች ካልደከመ ሲሎቹ ጤነኞች ናቸው ይባላል፤ ከዚያ ፈጥኖ ከወረደ፣ በግፊቱ ፈተና ግን ምንም ካልታየ፣ ጥፋቱ በሲሎቹ ላይ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት በአንዱ ሲል ዙሪያ ወፍራም ግራሶ ቀብታችሁ ፈተናውን ድገሙት፤ ቫኪዩሙ ከያዘ ያ ሲል ነው።

ሲል ስትቀይሩ ሁለቱንም ቀይሩ፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም እኩያው ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ቮላኖውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ልል ስሜት ካገኛችሁበት የተበላው ኩሽኔታው ስለሆነ፣ ሻፍቱ እየተወዛወዘ አዲሱንም ሲል በጥቂት ሳምንት ይበላዋል፤ ያን ጊዜ የክራንክ ቤቱ ተከፍቶ ኩሽኔታውም መለወጥ አለበት። የፍሪሲዮኑ ጥርስ በአብዛኞቹ መጋዞች ላይ የግራ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ሻፍት ተሰብሯል። ሞተሩ እንዳይዞር በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ ገመድ አስገቡ እንጂ ብረት አታስገቡ። አዲሱን ሲል ስታስገቡ የሻፍቱን ጥርስና የቁልፉን ቦይ በቀጭን ፕላስተር ሸፍኑ፣ ከንፈሩን በዘይት አርጥቡ፣ በልኩ በሆነ ቡሽ ቁልፍ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ምቱት። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ስትፈልጉ አሮጌውን ሲል ይዛችሁ ሂዱ፤ የውስጥና የውጭ ልኩ፣ ውፍረቱም ሳይቀር መግጠም አለበት። የተቀደደ የጎማ አንገት ላይ ሲልከን መቀባት የማይረባ ነገር ነው፤ ቤንዚን ሲልከኑን ያሳብጠውና ይላጠዋል፣ የተላጠውም ወደ ሞተሩ ይገባል።

ሽንቁሩ ተገኝቶ ከተደፈነና ሁለቱ ፈተናዎች ከተደገሙ በኋላ ነው አዲሱ ፒስተን የሚገዛው። ካርቡሬተሩ እስካሁን የተስተካከለው ለሚያሾልክ ሞተር ስለሆነ እንደ አዲስ መስተካከል ይኖርበታል። ጋዙ ሲለቀቅ ወዲያው ሚኒሞ ላይ መውረዱንና በአራቱም አቅጣጫ ስታጋድሉት ድምፁ አለመለወጡን ሳታዩ ወደ ሥራ አትመልሱት።

ጥያቄ

የአምስት ሰዎች ማኅበር ነን። ሰበታ ዙሪያ በደንብ ሲሠሩልን የነበሩ ሁለት የሞተር መጋዞችን ይዘን ፕሮሶፒስ የተባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ለመመንጠር ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርደን ነበር። እዚያ እንደደረስን ሁለቱም ከልክ በላይ መጮህና መጋል ጀመሩ፤ የአንዱ ካንዴላ ሲወጣ እንደ ኖራ ነጥቶ ተገኘ። ሁለቱም በአንድ ቀን አየር መሳብ ጀመሩ ማለት ነው?

ከሰበታ

መልስ

ሁለት ጤነኛ መጋዞች በአንድ ቀን ሽንቁር ያበጃሉ ማለት ይከብዳል፤ የተለወጠው መጋዙ ሳይሆን የሚተነፍሰው አየር ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፣ ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጠጋኞቻችን ኤች የተባለውን ብሎን ወደ ውስጥ አዙረው ቤንዚኑን ይቀንሱታል፤ ለዚህ ከፍታ ትክክል ነው። ያንኑ መጋዝ 1,000 ሜትር ወዳለው ቦታ ስታወርዱት አየሩ በ15 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ የቆላው ሙቀት ከዚህ ጥቂቱን ቢመልሰውም፣ የተቀነሰው ቤንዚን ለሚገባው አየር አይበቃም። የቀጠነ ድብልቅ ነውና ምልክቱ ሁሉ የአየር ሽንቁርን ይመስላል፤ ጉዳቱም ያው ነው።

ለመለየት የሚረዳችሁ የብሎኑ ጠባይ ነው። ኤች ብሎኑን ሩብ ዙር ወደ ውጭ ከፍታችሁ ድምፁ ከረገበ፣ ሚኒሞው ከተረጋጋና ያ ማስተካከያ በማግስቱም ሳይዛባ ከቆየ ጉዳዩ የከፍታ ብቻ ነበር። ብትከፍቱትም ሚኒሞው የሚዋዥቅ ከሆነ ወይም በየቀኑ እንደገና መክፈት ካስፈለገ ግን ከላይ ለሱሉልታ አንባቢዎቻችን የገለጽኩትን ፈተና አድርጉ። ሙሉ ጋዝ ላይ፣ መጋዙ እንጨት ውስጥ ሳይገባ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ከማፏጨት ይልቅ በመጠኑ ሻከር ያለ እንዲሆን አድርጋችሁ ተዉት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ጥርት ይላል። ወደ ሰበታ ስትመለሱ ብሎኑ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። አንዳንድ አዳዲስ መጋዞች ድብልቁን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ስለሆኑ ይህ አይመለከታቸውም።

ጥያቄ

አንድ ጠጋኝ ሞተሩ እየሠራ የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ በየመጋጠሚያው ረጨና ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ ሽንቁሩ ይህ ነው አለኝ። ይህ ዘዴ ትክክል ነው?

ከእንጦጦ ሥር

መልስ

ዘዴው ሽንቁሩን ሊያሳይ ይችላል፤ እኔ ግን በሞተር መጋዝ ላይ አላደርገውም፣ አንባቢዎቻችንም እንዲያደርጉት አልመክርም። በመኪና ላይ ማርሚታው ከመርጫው ቦታ ራቅ ያለ ሲሆን፣ በመጋዝ ላይ ግን የጋለው ማርሚታ ከጎማ አንገቱ አንድ ስንዝር አይርቅም፣ ስፕሬዩም እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል ነው። በዚያ ላይ የኦይል ሲሎቹ ከቮላኖውና ከፍሪሲዮኑ በስተኋላ ስለተሸፈኑ፣ ሞተሩ እየሠራ የሚረጨው ወደ እነርሱ በሚገባ አይደርስም፤ ቮላኖው ራሱ የሚያነሳው ነፋስ ይበትነዋል። ስለዚህ ድምፁ ባይለወጥም ሲሎቹ ደህና መሆናቸውን አያረጋግጥም። ጠጋኙ ያሳየዎት ቦታ የጎማ አንገቱ ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አንገቱን ያውጡና በመብራት ፊት አጥፈው ይመልከቱት፤ ስንጥቅ ካለ ብርሃኑ ያሳልፋል።